ከአራቱ የቱ ይሻላል

ትበርህ ወንበር ላይ ቆማ የአንሶላውን የመጨረሻ ጫፍ በምስማር ስትመታ፣ ከቀብር የተመለሰው ሰው ገና ደጅ ላይ እጁን እየታጠበ ነበር። ነጩ አንሶላ ከኮርኒሱ ሥር ተነስቶ ወለሉ ድረስ ወረደና ግድግዳውን ሸፈነው።

«የሐዘን ቤት ነው እንጂ የቀለም መደብር አይደለም» አለች ከወንበሩ ስትወርድ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን እየመታች ወደ ድንኳኑ ወጣች። ለቅሶዋ የምር ነበር። ትበርህ ማልቀስንም ማዘዝንም ባንድ ጊዜ የምትችል ሴት ናት።

ታናሽ ወንድሟ ፍሰሃ ባዶው ሳሎን መሃል ቆሞ ቀረ። ሚስቱን ራሕዋን ቀብሮ መምጣቱ ነው። ትናንት ጠዋት ራሴን አመመኝ ብላ ጋደም ያለች ሴት፣ ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት እንደደረሰች አንድም ቃል ሳትናገር አረፈች። ደም ብዛት ነው አሉ። እንዳለባት የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሷም አታውቅም ነበር።

እንደ ወጉ ሶፋው፣ ጠረጴዛውና ቴሌቪዥኑ ተነስተው ጎረቤት ነፊሳ ቤት ገብተዋል። በቦታቸው ፍራሽ ተነጥፏል። የእድሩ ሰዎች ፍሰሃን ደግፈው አንሶላው ፊት ለፊት ካለው ፍራሽ ላይ አስቀመጡት። በትዳር ዘመኑ ሁሉ በዚህ በኩል ተቀምጦ አያውቅም። ሶፋው የቆመው ያንን ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ እሱም ከሥራ ሲመጣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ዜና ያያል።

ከአንሶላው ጀርባ ያለው የራሕዋ ሥራ ነው። ካዛንቺስ ያለው ይህ ቤት የእናቱ የወይዘሮ መብርሂት ቤት ነበር። ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ የዘይት ቀለም፣ ከወገቡ በላይ ነጭ ኖራ። ቡፌው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ። ራሕዋ በሙሽርነቷ ገብታ አማቷ እስኪያርፉ ድረስ አንዲት አበባ እንኳ ከቦታዋ ሳታንቀሳቅስ ኖረችበት። ልጅ አልነበራቸውምና ቤቱን የሚያተራምስ ሌላ ሰውም አልነበረም። የእናትየው ተዝካር ወጥቶ ሰው ከተበተነ በኋላ ነው ቀስ እያለች የጀመረችው። መጀመሪያ አበባዎቹ ሄዱ። ቀጥሎ ዳንቴሉ። ቡፌው ጎተራ ሰፈር ወዳለው የትበርህ ኮንዶሚኒየም ተላከ፤ በደረጃው አልገባ ብሎ በገመድ ሲጎተት ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየው። ትበርህ እናቷ ሁለተኛ የሞተች ያህል አለቀሰች፤ ቡፌውን ግን አልመለሰችም።

ከዚያ ተራው የግድግዳው ሆነ። ራሕዋ አራት ትንንሽ ጣሳ ቀለም ገዝታ መጣችና ሶፋውን ጎትታ፣ ከእያንዳንዱ የትሪ ስፋት የሚያህል ቀባች። አንዱ ቅቤ የመሰለ ቢጫ፣ አንዱ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ አንዱ ሸክላ፣ አንዱ የደረቀ ባሕር ዛፍ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ።

«ከአራቱ የቱ ይሻላል?» ትለዋለች።

«ያሻሽን» ይላታል ፍሰሃ ዓይኑን ከዜናው ሳይነቅል።

በነጋታውም ትጠይቀዋለች። ጠዋት ብርሃን ሲገባ አይተኸዋል? ማታስ በመብራት? እሱም ያሻሽን ይላል። ይህን ሲል ደግነት እየሠራ ነበር የሚመስለው። የቢሮው ሰዎች ሚስቶቻቸው በመጋረጃ በምንጣፍ ስለሚነዘንዟቸው ሲያማርሩ፣ እሱ በልቡ ይኮራል። እኔ ቤት ጭቅጭቅ የለም፣ ነገር አላበዛባትም ይላል።

የሚያስቀው ነገር የፍሰሃ እንጀራ ቀለም ማየት መሆኑ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ የተጋጩ መኪናዎችን ጉዳት ይገምታል። የመኪናውን በር አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ያይና «ይሄ ስፖርቴሎ ከዚህ በፊት ተቀብቷል» ይላል። ባለመኪናው በአቡነ አረጋዊ ይምላል፤ ፍሰሃ አይሰማውም። በመኪና ነገር አስተያየቱን የሚያስለውጠው ሰው የለም። ቤቱ ሲገባ ነው ያ ዓይን የሚከደነው።

በማግስቱ ለቅሶ ደራሹ በዛ። ንፍሮው ዞረ፣ ቡናው በትልቅ ጀበና እየመጣ ተቀዳ። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረክርስቶስ ከባድ ሰው ናቸው፤ ቦታ ጠቦ ግድግዳው ሥር ተቀመጡና አንሶላውን ተደገፉት። ወደ ፊት ሲጎነበሱ አንሶላው ከጀርባቸው ጋር መጣ። ምስማሮቹ ከጭቃው ግድግዳ ወልቀው ሙሉው ጨርቅ ራሳቸው ላይ ወረደ።

ሰው ሁሉ ተነስቶ ሽማግሌውን ከአንሶላው ውስጥ አወጣቸው። እሳቸው ዞር ብለው አራቱን ቀለሞች አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ውሃ ገብቷል ለካ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

ተሰብስቦ የነበረው ሰው ባንድነት ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። አቶ ገብረክርስቶስ ፍሰሃ አጠገብ መጥተው፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ፣ ክረምቱ ያልገባበት ቤት እንደሌለና እድሩ ለጣሪያው ቆርቆሮ እንደሚያግዝ ነገሩት። ወዲያ በኩል ሁለት ሴቶች ይሄን ሻጋታ ተሸክማ እኮ ነው የኖረችው ተባባሉ። ፍሰሃ ሽማግሌውን ከልቡ አመሰገነ። ሳቁ መጥቶ ነበር። ይህን ለራሕዋ ስነግራት እንዴት ትስቅ ይሆን ብሎ አሰበና፣ ሐሳቡን ሳይጨርስ መሞቷ ትዝ አለው። የሚነግራት ነገር በተገኘ ቁጥር ሞቷ እንደ አዲስ ሊሰማው ነው ማለት ነው።

ትበርህ አንሶላውን መልሳ ልትሰቅል መዶሻ ይዛ መጣች።

«ተይው» አላት።

ተወችው፤ ግን ነገሩን ሌላ መላ አበጀችለት። ማምሻውን አጠገቡ ተቀምጣ፣ ለአርባው ከመቀሌ ዘመድ እንደሚመጣ፣ ግድግዳው እንዲህ ቡራቡሬ ሆኖ ሊያዩት እንደማይገባ፣ ግርማይ የሚባል ቀለም ቀቢ እንዳነጋገረች ነገረችው። በሳልስቱ ማግስት መጥቶ ቤቱን ሙሉ ነጭ ያደርገዋል። እናታችን ነጭ ትወድ ነበር አለች።

«እንደፈለግሽ» አላት።

ቃሉ ካፉ ሲወጣ ጆሮው ላይ ጮኸበት። ትበርህ ሸክም እንደወረደላት ሰው ተንፍሳ ተነሳች። ፍሰሃ ግን የራሕዋ ፊት መጣበት። እሷ ይህን መልስ ስትሰማ እንዲህ አትተነፍስም ነበር። ብሩሹን በጨርቅ ትጠርግና ጥቂት ትቆማለች። የሚጨምረው ነገር እንዳለ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ከዚያ ወደ ማጀት ትገባለች።

በሳልስቱ ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሲፈርስ ነፊሳ መጣች። መርካቶ መጋረጃ ትነግዳለች፤ ቀለሞቹንም ከራሕዋ ጋር ዞራ ያስመረጠቻት እሷ ናት። አላህ ያጽናህ ብላው አጠገቡ ተቀመጠች። ሁለቱም ግድግዳውን አዩ።

«ነፊሳ፣ የቱን ነበር የፈለገችው?»

«ሸክላውን። ገና ጣሳው ሲከፈት ነው የወደደችው።»

«ታዲያ ለምን አልቀባችውም?»

ነፊሳ የሻሿን ጫፍ አፍተለተለች። «ልንገርህ አልንገርህ ስል ነው የሰነበትኩት። አንተን ስትጠብቅ ነዋ፣ ፍሰሃ። እኔም በቃ ቅቢው፣ እሱ እንደሆነ ግድ የለውም ብያት ነበር። ምን አለችኝ መሰለህ? ‹እስከዛሬ የእናቱ ቤት ነበር። እኔ መርጬ ብቀባው ደግሞ የኔ ቤት ይሆናል። እሱ መቼ ነው የራሱ ቤት የሚኖረው?› አለችኝ። ያስጠላል እንኳ ብትላት ደስ ይላት ነበር። ካንተ ጋር ልትጨቃጨቅ አምሯት ነው የሞተችው።»

ፍሰሃ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። በቀብሩ ከሰው ጋር አልቅሷል፤ ይህኛው ግን ከሆዱ የመጣ ነበር፣ ድምፁን ራሱ አላወቀውም። ትበርህና ሌሎቹ ሴቶች ከማጀት ሰምተው መጡና ምክንያቱን ሳይጠይቁ አብረውት አለቀሱ። እሱ የሚያለቅሰው ለዚያ ሁሉ ያሻሽን ነበር። ብቻዋን ነው ያኖራት፤ አሁን ገባው።

ሰው ሲሳሳ ፊቱን ታጥቦ ተመለሰና ግድግዳው ፊት ቆመ። የተጋጨ መኪና እንደሚያይ አድርጎ አየው። ጠጋ አለ፣ ራቅ አለ፣ በጎን በኩል ዞሮ ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍበት ተመለከተ። ቢጫው የቢሯቸውን ኮሪደር ይመስላል። ሰማያዊው የእናቱ ሰማያዊ ትንሽ ሳስቶ ነው። ሸክላውን ብዙ ቆሞ አየው። ሊወደው ፈልጎ ነበር። ግን የከሰዓቱ ፀሐይ በመስኮቱ ሲገባ ዓይን ይወጋል፣ ክፍሉንም ያጠብበዋል። አረንጓዴው ላይ ሲደርስ ዓይኑ አረፈ። ከሥራ ደክሞት ሲገባ ሊያየው የሚወደው ይህን ነው።

በራሱ ደነገጠ። የሷ ምርጫ አይደለም። ሸክላውን ቢያስቀባ የፈለገችውን ፈጸመላት ብሎ ሰው ሁሉ ይመርቀዋል፤ ትበርህም አፏን ትይዛለች። ግን ያ እኮ ያሻሽን ማለት ነው። በሕይወት ሳለች ሲሰጣት የኖረውን መልስ ከሞተች በኋላ መድገም ነው። እሷ የጠየቀችው የቱ ይሻለኛል ብላ አልነበረም፤ አንተስ ብላ ነው የጠየቀችው። ያን ሌሊት ፍራሹ ላይ ጋደም ብሎ ሲያስብ አደረ፤ የሚያስፈራውም ነገር ይህ ነበር። ምርጫውን ሲናገር መልስ የምትሰጠው ሴት የለችም።

በማግስቱ ግርማይ አንድ ባልዲ ነጭ ቀለምና ረጅም ብሩሽ ይዞ መጣ። ትበርህ ፍራሾቹን ወደ መሃል አስጎተተች፣ ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፈች። ቀቢው የባልዲውን ክዳን ሊከፍት ሲያጎነብስ ፍሰሃ ከመኝታ ቤት ወጣ።

«ነጭ አይቀባም» አለ።

ግርማይ ቀና ብሎ ትበርህን አየ። ትበርህ ወንድሟን አየች። እንዲህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም፤ ቢያንስ እዚህ ቤት ውስጥ።

«ታዲያ ምን ይሁን?»

ፍሰሃ ወደ ግድግዳው ሄዶ መዳፉን አረንጓዴው ላይ አሳረፈ። «ይሄ።»

«ራሕዋ የመረጠችው ነው?» ድምፅዋ ለሰለሰ። የሟች ቃል ከሆነ እሺ ልትል ነበር።

«አይደለም። እሷ የወደደችው ሸክላውን ነው። እኔ ግን አልወደድኩትም፣ እትዬ። ዓይን ይወጋል፣ ቤቱንም ያጠባል። ይሄኛው ይሻላል።»

«ከሞተች በኋላ ነው የምትከራከራት?»

ፍሰሃ መዳፉን ከግድግዳው ሳያነሳ ፊቱን ወደ ማጀቱ በር አዞረ፤ ራሱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ ነገሩን ተናግሮ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ግርማይ ብሩሹን እንደያዘ ቆመ። ውጭ አንድ ሚኒባስ ቁልቁል ወረደ። ትበርህ ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ፍሰሃ በሌላኛው እጁ ቆይ የሚል ምልክት ሰጣት። ተራው የራሕዋ ነበር።