ለአርአያ ሠራተኛ የተጻፈ ምስጋና

ሽፈራውን ዘነበች የምታውቀው በሚሠሩበት ፋብሪካ የዱቄት ጆንያ ሲሸከም ነው። ዛሬ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆኖ፣ ክራቫት አንገቱን አንቆት፣ ሸዋ በር አጠገብ ባለው አዳራሽ መድረክ ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል አየችውና ከንፈሯን አጣመመች።

የሠራተኞች ቀን በዓል ነበር። ለሦስት ሰዓት ተጠርተው አምስት ሰዓት ሆኗል። የክብር እንግዳው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ናቸውና፣ እሳቸው ካልመጡ ሠራተኛው ስለ መብቱ ማውራት አይችልም። ውሃ የተደረደረው ከፊት ለእንግዶቹ ብቻ ነው። ከኋላ መቶ የሚያህል ሰው «አንድነት ኃይል ነው» የሚል ቲሸርት ለብሶ ላቡን ይጠርጋል።

ሽፈራው ጎንበስ ብሎ ወረቀት አቀበላት።

«እትዬ ዘነበች፣ የአርአያነት ሰርተፍኬቱን ስትቀበዪ ይህችን አንብቢ። አጭር ናት።»

«ማን ጻፋት?»

«እኛ ነን። አስተዳደር ትንሽ አርሟታል።»

«የእኔን ምስጋና?»

«እንዲያምር ብለው ነው።»

ወረቀቱ «ለሠራተኛው ደኅንነት እንደ እናት የሚያስበው ፋብሪካችን» ብሎ ይጀምራል። ዘነበች ከዚያ አላለፈችም። ከአራት ወር በፊት የማሸጊያው ማሽን የባልደረባቸውን የናፊያን ሦስት ጣቶች በልቷል። የማሽኑ መከለያ ወልቆ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። «በራሷ ጥንቃቄ ጉድለት» ተብላ ስትባረር፣ ማኅበሩን ወክሎ ስንብቷ ላይ የፈረመው ይኸው ሽፈራው ነው። ዘነበችም አፏን ዘግታ ነበር። ሽፈራውን ስትንቅ ራሷንም ጨምራ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ገብተው «ሠራተኛው ቤተሰባችን ነው» ሲሉ፣ ሽፈራው ንግግራቸውን ሳይጨርሱ አጨበጨበ። ከዚያ ዘነበች ተጠራች። ማይክሮፎኑን ያዘች።

«ወረቀቱ ፋብሪካው እንደ እናት ያስባል ይላል። ናፊያ ጣቶቿን ስታጣ መከለያው ወልቆ ነበር። አይቻለሁ። ያኔ ዝም አልኩ።»

ሽፈራው እየሳቀ እጁን ዘረጋ። «እትዬ ዘነበች ደክሟት ነው።»

«አልደከመኝም። ለናፊያ የሚመሰክር እጁን ያውጣ።»

መቶው ሰው አንገቱን ደፋ። ብዙ ቆይቶ የጥገናው ሙሳ እጁን አወጣ። ከማሸጊያ ክፍል ሁለት ሴቶች ተከተሉት። በቃ፤ አንድነት ኃይል የሆነላቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ዘነበች የቀሩትን አንድ በአንድ አየቻቸውና ሰርተፍኬቱን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች።

አራቱም ቀጥ ብለው ፈላና በር ሰፈር ወዳለው ናፊያ ቤት ሄዱ። ናፊያ ነገሩን ሁሉ ሰማች።

«አራት ወር ሙሉ የት ነበራችሁ?» አለቻቸው።

«ፈርተን ነበር» አለች ዘነበች።

በማግስቱ ዘነበችን ግቢ ጠራጊ አደረጓት። ጠረገች። ናፊያ ከስሳ ቀጠሮው በደረሰ ጊዜ አራቱም ቀርበው ያዩትን ተናገሩ፤ ፍርድ ቤቱም ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ወሰነ።

ውሳኔው የተነበበ ዕለት ሽፈራው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጠበቃቸው። ክራቫቱን አድርጓል።

«ማኅበራችን ያገኘው ድል ነው» አለና ለፎቶ መሃላቸው ሊቆም ናፊያን ገፋ አደረጋት።

ዘነበች ስልኳን አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«አንተ አንሳን» አለችው።

ሽፈራው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ አነሳቸው።