በአጎት ስም

ወንድምአገኝ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ከረባቱን ሲያስተካክል፣ ታላቅ ወንድሙ ላቀው ዝናብ እየተንጠባጠበበት በበሩ ገባ። የሰኔን እርሻ ጥሎ ከድብ ባሕር ጎንደር ድረስ ይመጣል ብሎ ማን አሰበ!

"አያ ላቀው! ምነው፣ በደኅና?"

"ሕይወት ደውላ 'የአባቶች ቀን ነውና ና' አለችኝ። በሬዎቼን ለጎረቤት አደራ ብዬ መጣሁ። ምነው፣ ከፋህ?"

"ኧረ ሸጋ አደረግህ" አለና ከጎኑ አስቀመጠው።

ሕይወት መድረክ ላይ ቆማ የበዓሉን ታሪክ ታነብ ነበር። "አንዲት አሜሪካዊት፣ እናት የሞተችባቸውን ስድስት ልጆች ብቻውን ያሳደገ አባት ነበራት። 'እናቶች ቀን ካላቸው አባቶችስ ምን በደሉ?' ብላ በየቤተ ክርስቲያኑ ዞረች። በዓሉም በከተማዋ በሰኔ ወር ተጀመረ።"

"ስድስት?" አለ ላቀው ወደ ወንድሙ ጠጋ ብሎ። "እኔማ እናቷ ካረፈች ወዲህ ይህችን አንዲቷን ልጄን ሳሳድግ፣ ሹሩባ መሥራት አቅቶኝ ስንቴ ላጨኋት!"

ከኋላቸው የተቀመጡት ሳቁ። ወንድምአገኝ ግን አልሳቀም። ልጅ አልነበረውም። ሕይወትን ሊያስተምራት ወደ ከተማ ያመጣት ጊዜ፣ "ለምዝገባው ይቀላል" ብሎ በራሱ ስም አስመዘገባት። ይህስ በአገሩ ነውር አይደለም፤ ስንቱ የገጠር ልጅ በአጎቱ ስም ተምሯል። ነውሩ ከዚያ ወዲያ ነበር፤ "የአብራኬ ክፋይ ናት" እያለ ለሰፈሩ አወራ። ጥር ላይ ላቀው እህል ጭኖ ሲመጣም "የአገሬ ሰው ነው" ብሎ ለጎረቤት አስተዋወቀው። ላቀው ይህን እየሰማ እህሉን ማውረዱን ቀጠለ።

የመድረኩ መሪ ነጭ ጋቢ አነሣ። "ሕይወት ወንድምአገኝ፣ አባትሽን አልብሺ! አቶ ወንድምአገኝ፣ ይምጡልን!"

አዳራሹ አጨበጨበ። ሕይወት ጋቢውን ታቅፋ አቀረቀረች።

"አያ፣ ተነሥ። ጋቢው ያንተ ነው።"

"የተጠራኸው አንተ! ሂድ፤ ልጂቱን በሰው ፊት አታሳፍራት።"

"እሷ ምን አጠፋችና ታፍራለች?"

ላቀው አልተነቃነቀም። ወንድምአገኝ ብቻውን ወደ መድረኩ ወጣ። ሕይወት ጋቢውን ልትደርብለት እጇን ስትዘረጋ፣ ቀስ ብሎ መለሰላትና ወደ መድረኩ መሪ ዞረ።

"ጋቢው ይቆይ" አለ። "መጀመሪያ ማይክራፎኑን ይስጡኝ።"