የልብስ ሰፊው ትልቅ ሸራ

ልብስ ሰፊው ጡረታ እንደወጡ ባለሸራ ሰሌዳ ላይ ቆሞ በነፋስ መንሸራተት አማራቸውና፣ ሐይቅ ዳር ይህንኑ ወደምታስተምረው የእህታቸው ልጅ ሄዱ።

"አጎቴ፣ ለጀማሪ ሰፊ ሰሌዳና ትንሽ ሸራ ነው የሚሻለው" አለቻቸው።

"ይሄማ መሀረብ ነው" ብለው ትልቁን ሸራ ብድግ አደረጉ። ስፌቱ ልባቸውን ሰርቆታል።

ገና ሸራውን ቀና ሲያደርጉት ነፋሱ ይዟቸው እብስ አለ።

"ይልቀቁት!" ስትል ከኋላ ተጣራች።

"ጥሩ ጨርቅ ይዤ ለቅቄ አላውቅም" አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ በድንጋጤ ጣታቸው ደርቆ ነው እንጂ መልቀቁንስ በወደዱ።

በሞተር ጀልባ ስትደርስባቸው ማዶ ቄጠማው ውስጥ ተቀምጠው ዳክዬዎች ከበዋቸዋል።

"ደህና ነዎት?"

"ምን እሆናለሁ? ዘመድ ልጠይቅ ጎራ ብዬ ነው" አሉ ውሃ እየተፉ።

በማግስቱ በሰፊው ሰሌዳና በትንሿ ሸራ፣ ከዳር ሳይርቁ፣ እየሳቁ ሲንሳፈፉ ዋሉ።