የጎደለው ሰባት ቁጥር

«ሞተሩ የራሷ አይደለም።»

ይህን ያለው ሰው አንገቱን ከተከፈተው ኮፈን ሥር አውጥቶ የእጅ ባትሪውን አጠፋ። ከአሮጌ መኪኖች ማሳያ አዳራሽ የተላከ መርማሪ ነው። ቀጠሮውን የሰጡት ሟቹ ራሳቸው ነበሩ። መሞታቸውን ሳይሰማ ቢመጣ፣ ግቢው በለቀስተኛ ተሞልቶ ጠበቀው። አፍሮ ሊመለስ ሲል ልጃቸው ናት «አባቴ ቀጠሮ አያፈርሱም፤ ይግቡና ይዩ» ብላ ያስገባችው። ከተቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ነው።

«ምን ማለትዎ ነው?» አለች።

«ሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር መጨረሻው አንድ ነው። ሊብሬው ላይ ግን ሰባት ይላል። በመሀል ሞተር ተቀይሯል ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ አዳራሹ አይቀበላትም፤ ይቅርታ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የተናገረው። ለቅሶ ቤት ግን ቀስ ተብሎ የተነገረ ነገር ነው ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማው። ሻይ የያዙ እጆች ባሉበት ቆሙ።

ሟቹን ሰፈሩ የሚጠራቸው «ኦርጅናል» እያለ ነበር። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ኦርጅናል!» ብለው ይመልሳሉ። ስለ ዕድሜያቸው ቢጠየቁ ኦርጅናል፣ ስለ ጤናቸው ቢጠየቁ ኦርጅናል፤ የጥርሳቸው ነገር ሲነሳ ብቻ ወሬ ይቀይሩ ነበር። ይህችን አረንጓዴ መኪና ሠላሳ ሁለት ዓመት በገዛ እጃቸው ሲጠግኑ ኖረው፣ ስለ እሷ ሲጠየቁ «ከነሞተሯ ነው የተወለደችው» ይላሉ። አዳራሹ ከተቀበላት ከጎኗ ስማቸው ይጻፋል። የመጨረሻ ምኞታቸውም ይኸው ነበር።

«ኦርጅናል ሲሉን ከርመው!» አለ ልብስ ሰፊው ጎረቤት፣ ወደ አጠገቡ ሰው ጠጋ ብሎ።

ልጃቸው ሰማችው። ጋራዡ ውስጥ ከአባቷ ጎን ካርቡራቶር ስትፈታና ስትገጥም ያደገች ሴት ናት፤ ሐሜት አንገት አያስደፋትም። ወደ መርማሪው ዞረች።

«እርስዎ ያዩት ቁጥሩን ነው። ሞተሩን አላዩትም። በደንብ ይዩትና ያኔ ይናገሩ።»

ሰውየው ትንሽ አመነታ። «ከነገ ወዲያ አጉሊ መነጽር ይዤ እመለሳለሁ» አለና ወጣ።

እሷ ታሪኩን ታውቀዋለች። ሰባት ዓመቷ ሳለ አባቷ እጇን ይዘው ሊብሬ የሚሰጥበት ቢሮ ወስደዋት ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ጸሐፊ የሞተሩን የመጨረሻ ቁጥር፣ አንድን፣ ሰባት ብሎ መዝግቦታል፤ አባቷ እንዲያርምላቸው ለመኑት።

«መዝገብ አይሰረዝም» አላቸው ጸሐፊው። «ብረቱን አስተካክለው ይምጡ።»

«ብረቱማ ትክክል ነው!»

«አንድ መዶሻ ነው እኮ አባባ፤ አንዱን ሰባት ማድረግ ምን ያቅታል?»

አባቷ እጇን ይዘው ወጡ። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ እየሄዱ ይጠይቁ ነበር፤ በየዓመቱም ያው መልስ ይሰጣቸዋል። ጸሐፊዎቹ ሲለዋወጡ እሳቸው አልተለወጡም። ልጃቸውም አባቷን ውሸት የሚባል ነገር ባጠገባቸው አልፎ የማያውቅ ሰው አድርጋ አሰበቻቸው።

በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ አጎቷ፣ የአባቷ ታናሽ ወንድም፣ በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ ጋራዡ ወሰዷት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከወንድማቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ሁለት ቀን አልቅሰው ዓይናቸው አብጧል። ከመደርደሪያው ላይ አንዲት ጠፍጣፋ የእንጨት ሳጥን አወረዱ። ብረት ላይ ቁጥር መምቻዎቹ የሚቀመጡባት ናት።

«ስሙን እየበሉት ነው» አሉ። «ልብስ ሰፊው ሳይቀር! አንድ ምት ነው ልጄ። አንዱ ሰባት ይሆናል፣ ወረቀቱና ብረቱ ይስማማሉ፣ አፍ ሁሉ ይዘጋል። የሌለ ነገር አልፈጠርንም። ሞተሩ የራሷ መሆኑን እኔም አንቺም እናውቃለን።»

እውነቱን ለመናገር ልቧ ከንግግራቸው ጋር ሄዶ ነበር። የአባቷ ስም በሻይ ብርጭቆ መሀል ሲብጠለጠል ከምትሰማ፣ አንድ ምት ምን አላት?

አጎቷ ክዳኑን ከፈቱ። ከዜሮ እስከ ዘጠኝ በየጎድጓዳቸው የተኙ አሥር መምቻዎች መኖር ነበረባቸው። ዘጠኝ ናቸው። ከስድስትና ከስምንት መሀል ያለው ጎድጓዳ ባዶውን አቧራ ይዟል።

«ሰባቱስ?» አሉ አጎቷ።

እጇ ሳታስበው ኪሷ ውስጥ ገባ። የጋራዡ ቁልፎች አሉ፤ ከቁልፎቹ ጋር የታሰረች ጣት የምታህል ብረት አለች።

ያኔ በሰባት ዓመቷ ከቢሮው በተመለሱ ቀን አባቷ ከሰዓቱን ሙሉ ሞተሩ ፊት ተቀምጠው ዋሉ። ሳጥኗ ጉልበታቸው ላይ ነበረች፤ መዶሻው ከእግራቸው ሥር። እሷ ደግሞ አጠገባቸው ብሎን በመጠን በመጠኑ ትለያለች። ሊመሽ ሲል ተነሡና አንዷን ብረት አናቷን በስተው፣ ክር አስረው አንገቷ ላይ አጠለቁላት።

«ሰባት ዓመት ሞላሽ አይደል? ሰባት ያንቺ ናት። ለማንም እንዳትሰጪ። እኔም ብለምንሽ እንዳትሰጪኝ።»

አባት ልጁን ሲለምን ታያትና ሳቀች። ስጦታ መስሏት ሠላሳ አንድ ዓመት ይዛት ኖረች።

አሁን ገባት። አባቷም ፈልገውት ነበር። ሳጥኗን አቅፈው የዋሉት እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነው። ይህን ስታውቅ መጀመሪያ ተናደደች፤ ቀጥሎ ከዚያ በፊት ወዳቸው የማታውቀውን ያህል ወደደቻቸው።

«ሰባቷ እኔ ጋ ናት ጋሼ።»

«እሰይ! አምጫት!»

«አልሰጥም።»

«ለአባትሽ ስም እኮ ነው!»

«ለአባቴም አልሰጥም። እንዳትሰጪኝ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው።»

በአራተኛው ቀን መርማሪው አጉሊ መነጽሩን ይዞ መጣ። ለቀስተኛው ወንበሩን እየተወ መኪናዋን ከበበ። እሷ የጥቁር ልብሷን እጅጌ ሰብስባ በሽቦ ብሩሽ የሞተሩን ጎን መፈግፈግ ጀመረች።

«ኧረ የሰው ያለህ! ሐዘንተኛ ቁጭ ይላል እንጂ!» አሉ አክስቷ።

«እሳቸው እየታሙ ቁጭ አልልም እትዬ።»

ከዝገቱና ከጥቁሩ ዘይት ሥር ሞተሩ ፋብሪካ ውስጥ የተሠራበት ቀን ብቅ አለ። መርማሪው አነበበው፤ ይዞት ከመጣው የፋብሪካ መዝገብ ጋር አስተያየው። መኪናዋ ከመገጣጠሟ አምስት ሳምንት ቀደም ይላል። ከዚያ መነጽሩን ቁጥሩ ላይ ደፍቶ ብዙ ቆየ። ቀጥሎ ሸሚዙ ይቆሽሻል ሳይል መሬት ተኝቶ የሻንሲውን ቁጥር አየ። ሲነሣ ፊቱ ተለውጧል።

«ፋብሪካው ብረቱን ሲያለሰልስ የተወው ጭረት ከዳር እስከ ዳር አልተቋረጠም» አለ። «ቁጥሩ አልተፋቀም፣ በላዩም አልተመታበትም። ሻንሲው ላይም አንድ አለ፤ አናቱ ላይ ያለችው ሰረዝ እንደዚህኛው ረዘም ስላለች ሰባት ታስመስለዋለች። ሁለቱ በአንድ መምቻ የተመቱ ናቸው። ጸሐፊው ያኛውን አንድ ብሎ በትክክል ጽፎታል፤ ይኼኛው ሰባት መስሎታል። ሞተሩ የራሷ ነው፤ አዳራሹ ይወስዳታል።» ቀና ብሎ ጨመረ፤ «አንድ ሰው መዶሻ አሳርፎበት ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ማንም ሊያረጋግጥልዎ አይችልም ነበር።»

አጎቷ ጫማቸውን ተመለከቱ።

«ጮክ ብለው ይበሉት» አለችው።

«አቤት?»

«የራሷ አይደለም ያሉት ቀስ ብለው ነበር፤ ሰፈር ሰማው። ይህን ጮክ ብለው ይበሉት።»

መርማሪው ጉሮሮውን ጠረገና ግቢውን ዞሮ አየ። «ሞተሩ ኦርጅናል ነው!» አለ። ልብስ ሰፊው ሻዩን ከልክ በላይ አማሰለ።

ሰው ወደ ወንበሩ ሲመለስ አጎቷ ሳጥኗን ከፍተው ከጎኗ ቆሙ።

«በይ እንግዲህ ሰባቷን ወደ ቦታዋ መልሻት። ከእንግዲህ ማን ይነካታል? ሳጥኑ ይሙላ።»

ከኪሷ አወጣቻት። አራት ቀን ሙሉ ያላለቀሰች ሴት፣ ብረቷን መዳፏ ውስጥ አጥብቃ ጨብጣ ቆመች።

«አልሰጥም» አለች። ድምፅዋ ተቆረጠ። «እንዳትሰጪ ብለውኛል።»

አጎቷ ጣቶቿን ቀስ ብለው አላቀቁ። ብረቷን አልወሰዱም። መዳፏ ላይ ሰባት ቀልታ ታትማለች፤ አይተዋት ጣቶቿን አንድ በአንድ መልሰው አጠፉላት።