ብራናው ላይ ያስጻፍኩት ስም

ልጄ ሲሲሊ ዋሪንን ልታገባ ፈቃድ የጠየቀች ዕለት ችሎቱ ላይ ከጎኗ ቆሜ ነበር። በመንደራችን ያለ ባለርስቱ ጌታ ፈቃድ ጋብቻ የለም፤ ፈቃዱም በየሦስት ሳምንቱ በሚውለው ችሎት ይጻፋል።

ጸሐፊው የቆየውን ጥቅል ብራና ፈታ። "ሙሽራው የማን ልጅ ነው?"

"የኦስበርት" አለ ዋሪን።

"የትኛው ኦስበርት? ሁለት አሉ እኮ።" ጣቱን በመስመሮቹ ላይ አስኬደ። "አሃ፣ ድስት ላሹ! እንግዲህ ዋሪን ድስት ላሽ ብዬ እጽፋለሁ።"

"ሲሲሊ፣ ድስትሽን ደብቂ!" አለ ባለወፍጮው። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

የልጄ ፊት ቀላ። ስሙን ከልጅነቷ ጀምሮ ትሰማዋለች፤ አሁን ግን የራሷ ሊሆን ነው። "እማዬ፣ ማን ነው ያወጣላቸው?" አለችኝ በጆሮዬ።

ዓይኔን ከእሷ ወደ ብራናው መለስኩ። ሰው ስሙን ይዞ አውጪዋን ረስቷል። እኔ ነኝ። ዝናብ አዝመራውን ባበሰበሰበት ዓመት፣ ሲሲሊ ጡት ሳትጥል፣ ኦስበርት ለአሳማ ደጅ ያወጣሁትን ድስት በጣቱ ሲጠርግ አግኝቼ ከሰስኩት። ያኔም ጸሐፊው "የትኛው ኦስበርት?" ሲል፣ "ድስት ላሹ ነዋ!" ብዬ ጮህኩ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ አለኝ። ድስቱ ውስጥ እኮ የሚበላ ነገር አልነበረም።

ችሎቱ ለምሳ ሲነሳ ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። ዘንድሮ ቄሱ ፊደል ያስተምሩኛል፤ ለልጅ ልጆቼ ጸሎት ላነብላቸው ብዬ ነው በዚህ ዕድሜዬ የጀመርኩት። ፊቱ የተዘረጋው የቆየው ብራና በላቲን ስለሆነ አልገባኝም። መሃሉ ላይ ግን አንድ የእኛ ቋንቋ ቃል ነበረች። ፊደል በፊደል ለቀምኳት። በሕይወቴ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያው ነገር ያ ስድቤ ሆነ።

"ጌታዬ፣ በቢላዎ ይፋቁልኝ።"

"የራሴን ስህተት እፍቃለሁ። የችሎት ቃል ከፋቅኩ ግን ለእኔም አይበጀኝም። ደግሞስ እዚሁ እንደተጻፈው ያልሽው አንቺ አይደለሽ?"

"የልጅ ልጆቼ ሊጠሩበት ነው እኮ!"

ኦስበርት አግዳሚው ላይ ዳቦውን ይበላ ነበር። "ተዪው ሐዊስ" አለኝ ቀና ሳይል፤ "ልጆቼ ለምደውታል።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ችሎቱ ሲመለስ ሳልጠራ ተነሳሁ። "ኦስበርት ሌባ አልነበረም፤ ርቦት ነው። ድስቱ ባዶ ነበር። ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ" አልኩ። ማንም አልሳቀም። ሲሲሊ እጇን ከእጄ አወጣች።

"ይጻፍ" አለ ዳኛው።

ጸሐፊው ብዕሩን ነከረ። "ሐዊስ፣ ኦስበርት ድስት ላሽን በሐሰት..."

"ስሙን አይድገሙት!"

"ታዲያ የትኛው ኦስበርት እንደሆነ በምን ይታወቅ?" አለና ጻፈው።

ስንበተን ሲሲሊ አልጠበቀችኝም። የኦስበርትን ክንድ ይዛ ወጣች።