የባርኒ የመጨረሻ ሸርጣን

«እጅ እንዳትሰጥ! ባርኒ፣ ገመዱ ጋ ደርሰሃል እኮ! ትንሽ ነው የቀረህ!»

የምጮኸው እኔ ነኝ። ጩኸት ብቻም አይደለም፣ የትግል መድረኩን፣ የሪንጉን የእንጨት ጠርዝ በመዳፌ እየደበደብኩት ነው። እኛ ጋ ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ሥራው ይሄ ነው። የኛ ታጋይ ቁልፍ ውስጥ ሲገባ፣ ማለትም ተጠምዝዞ ሲያዝ፣ ከኋላ ያሉት ያጨበጭባሉ፣ ከፊት ያለነው እንጨቱን እንመታለን፣ እሱ ደግሞ ምቱን እየሰማ እንደ ሕፃን እየዳኸ ወደ ገመዱ ይሄዳል። ገመዱን ከነካ ዳኛው ያስለቅቀዋል።

አጠገቤ አክስቴ ዊኒ ቆማ ጃንጥላዋን ታወዛውዛለች። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ድምፅዋ ግን ከኔ ይበልጣል።

«አንተ ሎርድ ተብዬ! የማንን መጋረጃ ነቅለህ ነው ለብሰህ የመጣኸው? ልቀቀው!»

ሎርድ ሴባስቲያን አልለቀቀውም። ባርኒ ፌርክላፍን በሆዱ አስተኝቶ፣ ሁለት እግሮቹን ወደ ኋላ አጥፎ ብብቱ ስር ወትፎ፣ ወገቡ ላይ ተቀምጦበታል። ሸርጣን የምንለው ቁልፍ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ለምን እንደዚህ እንደምጮህ ልንገራችሁ። ባርኒ ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ የሰው ጣሪያ ይሠራል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ እዚህ እንግሊዝ አገር፣ ዊጋን ከተማ፣ የሠራተኞች ክበብ አዳራሽ ውስጥ ይታገላል። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሸንፏል። ትከሻው ወለል ነክቶ እስከ ሦስት ተቆጥሮበታል። አንዴ ከሪንግ ተወርውሮ የአክስቴ ጭን ላይ አርፏል፤ እሷ እስካሁን ታወራዋለች። እጅ ሰጥቶ ግን አያውቅም። አንዴም! ወለሉን በመዳፉ መትቶ «በቃኝ» ብሎ አያውቅም። ፖስተሩ ላይ ከስሙ ስር «እጅ የማይሰጠው» ነው የሚለው። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻ ግጥሚያው ነው። ጉልበቱ አልቋል፣ ሐኪሙም ሚስቱም በቃህ ብለውታል። ይቺን ግጥሚያ እጅ ሳይሰጥ ከጨረሰ ስሙን ይዞ ቤቱ ይገባል። ካልሆነ...

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ይነጋገራሉ ልትሉኝ ነው። ዊጋን ውስጥ ይሄን የማያውቅ የስድስት ዓመት ልጅ የለም። ሎርድ ሴባስቲያን ጎረቤት ከተማ ቦልተን ውስጥ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ እንደሚሠራም እናውቃለን። አክስቴ የኩሽናዋን ቧንቧ የገዛችው ከሱ ነው፣ ቅናሽ ሁሉ አድርጎላታል። ግን እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ካባውን ደርቦ ሲወጣ ሎርድ ነው፣ እኛም እንጠላዋለን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይሄን ጮክ ብሎ የሚናገር ሰው፣ ሰርግ ላይ ተነስቶ ሙሽራዋን ያሳመራት ሜካፑ ነው እንደሚል ሰው ነው።

እኔ ደግሞ ስለ ትግል ብዙ አስተያየት አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ገጽ አለኝ፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት ተከታይ፣ ቀላል አይደለም። ከገመድ ላይ የሚዘሉትን አልወድም። መዝለል ፍየልም ይዘላል። ትግል ማለት ቁልፍ ነው። ከሁሉም የምወደው ተራውን የአንገት ቁልፍ ነው፣ ቀስ ብሎ ሲጠብቅ፣ የሰውየው ጆሮ መጀመሪያ ሮዝ ከዛ ቀይ ሲሆን። ከሱ ቀጥሎ ክንድን ወደ ኋላ የሚጠመዝዘው። መጨረሻ ላይ የማስቀምጠው ሸርጣንን ነው። ሸርጣን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ለእይታ ነው። ባለፈው ወር እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሸርጣን ውስጥ አሥር ሰከንድ መቆየት ያልቻለ ሰው ትግሉን ትቶ ሹራብ ይሥራ።»

አክስቴ አንብባው ቀና ብላ አየችኝ።

«ሹራብ መሥራት ቀላል መሰለህ?»

«እንደዛ ማለቴ አይደለም።»

«ገብተህበት ታውቃለህ?»

«ምን ውስጥ?»

«ሸርጣኑ ውስጥ ነዋ።»

«አላውቅም፣ ግን ከዚህ ሲታይ...»

«በቃ የሥጋ ፓይህን ብላ።»

ወደ ሪንጉ እንመለስ። ባርኒ እየተሳበ እኔ ያለሁበት ጥግ ደርሷል። ዳኛው ሚስተር ፔንድልበሪ ደግሞ ከሎርዱ ጀርባ ዞሯል፣ ምክንያቱም ሎርዱ በድብቅ ገመድ ይዞ የመደገፍ አመል አለበት። ስለዚህ የባርኒን እጅ አያይም። ባርኒ እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋ፣ አልደረሰም፣ እጁ ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። ልክ እኔ የምመታው ቦታ አጠገብ። እኔ ምኑን አየሁት! እየመታሁ ነው።

ጧ! ጧ! ጧ!

ሚስተር ፔንድልበሪ ዞር አለ። የባርኒን መዳፍ ወለሉ ላይ አየ። ሁለት እጁን አወናጨፈ፣ ደወሉም ተደወለ።

አራት መቶ ሰው አንገቱን ወደ ደወሉ አሰገገ። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ያወቅኩት በሎርዱ ነው። እንደተነጋገሩት ቢሆን ኖሮ ተነስቶ እጁን ሰቅሎ ይሳለቅብን ነበር። እሱ ግን ያልሆነ ፌርማታ ላይ የወረደ ሰው ይመስል፣ ባርኒ ላይ እንደተቀመጠ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ምን ተፈጠረ?» አለው ዳኛውን፣ በቧንቧ ሻጭ ድምፁ።

«እጅ ሰጠ» አለ ሚስተር ፔንድልበሪ። «ሦስት ጊዜ ሲመታ ሰምቻለሁ።»

«እኔ አልመታሁም» አለ ባርኒ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። ባርኒ ደግሞ ሪንግ ላይ ቀስ ብሎ አውርቶ አያውቅም።

ከኋላችን ዴዝ ተነሳ። ዴዝ ሁልጊዜ ክፉዎቹን የሚደግፍ ሰው ነው፣ እኔንም አይወደኝም። «እጅ የማይሰጠው እጅ ሰጠ! ፖስተሩን ቀይሩት!»

አክስቴ ወደ እጄ አየች። እጄ እስካሁን ጠርዙ ላይ ነው።

«ጃርቪስ።»

«እ?»

«እጅህን አንሳ።»

አነሳሁ። ያኔ ነው የገባኝ።

በሩ አጠገብ የተለጠፈ ሕግ አለ፦ የግጥሚያ ውጤት ውስጥ እጁን ያስገባ ተመልካች አንድ ዓመት አዳራሹ አይገባም። እኔና አክስቴ እነዚህ ሁለት ወንበሮች ላይ መቀመጥ የጀመርነው እኔ ስድስት ዓመቴ እያለ ነው። አሁን አሥራ ዘጠኝ ነኝ። ዝም ካልኩ ማንም አይጠይቀኝም። ዝም ካልኩ ግን ባርኒ እንደ እጅ ሰጪ ወደ ቤቱ ይሄዳል፣ የማስተካከያ ሌላ እሁድም የለውም።

ዞር ስል አክስቴ የተረፈውን ፓይ በወረቀት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ ኮቷን እየለበሰች ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ልትናገር አይደል? ሲያስወጡን ልዘጋጅ ብዬ ነው። ውጪ ዝናብ ነው።»

በቃ፣ ወንበሬ ላይ ወጣሁ።

«ሚስተር ፔንድልበሪ! የሰሙት እኔን ነው! እኔ ነኝ የመታሁት!»

«ምን?»

ጎንበስ ብዬ ጠርዙን መታሁት። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ጣሪያው ድረስ ተሰማ። «ይሄን ነው የሰሙት። ባርኒ እጁ ወደቀ እንጂ አልመታም።»

«ለምን አምንሃለሁ?» አለኝ። «አንተ ደጋፊው ነህ።»

ይሄኔ ከኋላዬ ማን ቢናገር ጥሩ ነው? ዴዝ!

«እውነቱን ነው» አለ፣ ጥርሱ እንደታመመ ሰው ፊቱን አጨማዶ። «ከኋላው ነኝ፣ አይቼዋለሁ። እንደዚህ ያለ ደነዝ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም፣ ግን መቺው እሱ ነው።»

ሚስተር ፔንድልበሪ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ከዛ ማይኩን አነሳ። «ውጤቱ ተሰርዟል! ግጥሚያው ይቀጥላል!»

አዳራሹ ፈነዳ ነው የምላችሁ። አንድ ሰውዬ ሻዩን ጎረቤቱ ላይ ደፍቶ ሁለቱም ተቃቀፉ። ሎርዱም ከባርኒ ላይ ተነሳ፣ ወዲያው ሎርድነቱ ተመለሰለት።

«ይሄ ውንብድና ነው! ለጠበቃዬ እናገራለሁ!»

«ለቧንቧህ ተናገር!» አለች አክስቴ።

ሕዝቡ «ኧረ!» አለ። የማይባለውን እኮ ነው ያለችው! ሎርዱ ራሱ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ካባው ውስጥ ተደበቀ። ባርኒ የሚፈልገውም ይቺን አጋጣሚ ነበር። በዛ በሚንቀጠቀጥ ጉልበቱ ተነሳና ካባውንና ሰውየውን አንድ ላይ ጠቅልሎ ጣላቸው። እግሮቹን ይዞ ገለበጠውና በሆዱ አስተኛው። ሸርጣን! ያው በራሱ ቁልፍ! ሎርዱ በሁለት እጁ ወለሉን ሲጠበጥበው፣ ይሄን ጊዜ ዳኛው አፍንጫው ወለሉን እስኪነካ ድረስ ጎንበስ ብሎ ነው ያየው። ደወል! አክስቴ ጃንጥላዋን ቤት ውስጥ ዘረጋችው። እያለቀሰች ነበር፣ ግን አንድ ነገር ብትሏት ትመታችኋለች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሚስተር ፔንድልበሪ ግን ወደኔ ጠቆመ።

«ሕግ ሕግ ነው። ይሄ ልጅ አንድ ዓመት...»

«ቆይ» አለ ባርኒ። ማይኩን ተቀበለው። «ይሄ ልጅ ኢንተርኔት ላይ ምን እንደሚጽፍ ታውቃላችሁ? ሚስቴ ታነብልኛለች።»

በጌታ! በሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው ውስጥ የሱ ሚስት አለችበት?

«"ሸርጣን ውስጥ አሥር ሰከንድ መቆየት ያልቻለ ሰው ሹራብ ይሥራ" ብሏል።» ሕዝቡ ጮኸ። «አንድ ዓመቱን በአሥር ሰከንድ ሸርጣን ብንለውጥለትስ?»

መልሱን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ሚስተር ፔንድልበሪ እንኳን «ሕጉ ላይ አልተከለከለም» አለ። አክስቴ ከኋላ ገፋችኝ። «ሂድ፣ እኔም ኮቴን ላውልቅ። ደግሞ እንዳትመታ! ከኛ ቤት እጅ የሰጠ የለም!»

«ከመታ ሹራብ ይሥራ!» አለ ዴዝ።

«ክሩን እኔ እሰጠዋለሁ!» አለች አንዲት ሴትዮ ከሰገነቱ።

አሁን ሪንጉ ውስጥ በሆዴ ተኝቻለሁ። ወለሉ የመታሻ ቅባትና የኮምጣጤ ሽታ አለው። ባርኒ እግሮቼን አንስቶ ብብቱ ውስጥ አስገባቸው። ዓይኔን ጨፈንኩ። ባርኒ እንደ አንበሳ አገሳ፣ ሕዝቡ «አንድ!» አለ። እኔም ሕመሙን ጠበቅኩት።

ምንም የለም።

ምንም ስላችሁ ምንም! እግሮቼን የያዛቸው እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ነው። የተቀመጠብኝ ይመስላችኋል፣ አልተቀመጠብኝም። ክብደቱን ሁሉ በራሱ ጉልበት ይዞታል፣ በዛ ባለቀው ጉልበቱ። ጎድኔ አጠገብ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

«ሦስት!»

«ተመችቶሃል ልጄ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አዎ።»

«ጀርባህስ?»

«ደህና ነው።»

«ጎሽ» አለና እንደገና አገሳ።

«አምስት!»

ይኸው፣ ያልኩት ልክ ሆነ፣ ሸርጣን አያምም። ለምን እንዳፈርኩ ግን አላውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ስንቱን ሰው እንዲህ ይዞ ነው እኛን ያስጮኸን?

«ስድስት!»

አሥር ድረስ ብቆይ ጀግና ነኝ። ገጼ ይፈነዳል፣ አክስቴ ለሰፈሩ ሁሉ ታወራለች፣ ዴዝም አፉን ይዘጋል። ግን ባርኒ በሕይወቱ የሚይዘው የመጨረሻ ቁልፍ ይሄ ነው፣ እንደኔ የስልክ ሽፋን በሚሸጥ ልጅ ላይ ሳይሠራ ቀረ ሊባል ነው። ብመታ ደግሞ እሱ በጭብጨባ ይወጣል፣ እኔ ግን እስክሞት ሹራብ ሠሪ ነኝ። ሦስት ምት ብቻ ናት። ቅድም የማይፈልገውን ሦስት ምት ሰጥቼዋለሁ።

«ሰባት!»

«እንዳትመታ!» አክስቴ ናት።

ጉልበቱ በጣም እየተንቀጠቀጠ ነው። እጄን አንስቻለሁ፣ አየር ላይ ነው።

«ስምንት!»

እናንተ ብትሆኑ ትመታላችሁ?