ፍታት የተደረገለት ቀለም ቀቢ

ሰብለ ቡሬ ከተማ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ትሰፋለች። ያን ዕለት ማክሰኞ ነበር፤ ደንበኛም አልነበረም። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ እየገጠመች፣ ስልኳን ከክር ሣጥኑ ላይ አስደግፋ ቪዲዮ ታያለች። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይተካል፤ ዘፈን፣ ቀልድ፣ የዶሮ እርባታ ምክር። ከዚያ «ፀዳል ቀለም» የሚል ማስታወቂያ መጣ።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ረጅም ፎቅ ነው። ከአራተኛው ፎቅ ርብራብ ላይ አንድ ቀለም ቀቢ ብሩሹን ጨብጦ ትከሻውን ይሰብቃል። የጎጃም እስክስታ ነው፤ ግን ግራውን ያስቀድምና ቀኙን እንደ ማመንታት ብሎ ያዘገየዋል። በመጨረሻ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ ሳቀ። አንዱ የፊት ጥርሱ ግማሹ የለም።

መርፌው የሰብለን ጣት ወጋት። አልተሰማትም።

ያ ጥርስ የተሰበረው ወንዝ ዳር፣ በሬ ሲያጠጣ፣ ድንጋይ አዳልጦት ነው። ሰውየው ታላቅ ወንድሟ ስመኘው ነው። ስመኘው ደግሞ ከሞተ አምስተኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው።

ስመኘው ከቤት የወጣው ሳይሰናበት ነበር። የአባቱን ሁለት በሬዎች ሸጦ፣ ገንዘቡን ለደላላ ሰጥቶ፣ በጅቡቲ በኩል ወደ ዓረብ አገር አቀና። በአምስተኛው ወር አብሮት የሄደው የሰፈራቸው ልጅ ገነነ ከየመን ደወለ። ጀልባዋ ተገለበጠች፤ ስመኘው ሲሰጥም በዓይኔ አይቻለሁ አለ። ሬሳ የለ፣ መቃብር የለ። አባታቸው ቄስ ገብረሰንበት የልጃቸውን ፍታት ለሌላ ካህን አልሰጡም፤ ራሳቸው አደረሱ። በክርስትና ስሙ «ወልደ ሥላሴ» ብለው ሲጠሩት ድምፃቸው ተቆርጦ፣ ሌላው ቄስ ተቀብለው እንደጨረሱላቸው አገሩ ሁሉ ያስታውሳል። ተዝካሩም በአርባ ቀኑ ወጣ። እናታቸው እማሆይ አልሆኑ እንጂ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥቁር ልብሳቸውን አላወለቁም።

ሰብለ ቪዲዮውን ደጋግማ አየችው። ከሥሩ ሰው ይስቃል፣ ያደንቃል፣ «ይህን ሰውዬ ደመወዝ ጨምሩለት» ይላል። እሷም የስልክ ቁጥሯን ጨምራ ጻፈች፦ «ይህ ሰው ወንድሜ ነው። ሞቷል ተብለን ተዝካሩን አውጥተናል። እባካችሁ ስልኩን ስጡኝ።»

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጽሑፏን ሦስት ሺህ ሰው ወዶት ነበር። «ፀዳሎች፣ አገናኟቸው!» የሚለው ጎረፈ። ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጠራ። የደወለችው ሴት ሠርክአዲስ እንደምትባል፣ የፀዳል ቀለም የማኅበራዊ ሚዲያ ኃላፊ እንደሆነች ነገረቻት።

«በሕይወት አለ?» አለች ሰብለ፣ ሰላምታውንም ሳትመልስ።

«አለ! ጤነኛ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነው ከእኛ ጋር። ሰብልዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!»

ሰብለ ቁርጥራጭ ጨርቁ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ስልኩን ስጪኝ። ድምፁን ልስማ።»

«እሱን ለጊዜው እናቆየው፤ እኛ ራሳችን ይዘነው እንመጣለን። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። አሁን በስልክ ካወራችሁ ስሜቱ ያልቃል፤ ይገባሻል አይደል? ሕዝቡ እኩል ከእናንተ ጋር እንዲያለቅስ ነው የምንፈልገው።»

አልገባትም። ነገር ግን በእጇ የያዘችው ክር ይቺ ሴት ብቻ ናት፤ እንዳትበጠስባት ፈራች። «እሺ» አለች።

ከቡሬ ወላጆቿ እስካሉበት ጥቁር ውሃ መንደር በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ስትደርስ አባቷ አውድማው ላይ ጤፍ ያስወቃሉ፤ እናቷ ወለተ ጊዮርጊስ ምርቱን ይጠርጋሉ። እንዴት እንደምትጀምር ጠፍቷት ዝም ብላ ስልኩን ዘረጋችላቸው።

ቄስ ገብረሰንበት እስከ መጨረሻው አዩት። ከዚያ ስልኩን እንደ ፍም ቀስ አድርገው ጆንያ ላይ አስቀመጡና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። እናቷ ግን «ድገሚልኝ» አሉ። ስመኘው ሲስቅ ጉንጩን ሊዳስሱ ጣታቸውን ሰደዱ፤ መስታወቱን ሲነኩት ምስሉ ቀጥ አለ።

«ኧረ በስመ አብ! ምን አደረግሁት? ቆመ እኮ! ሰብለ፣ ቆመ!»

«ምንም አልሆነም እማየ፣ ሲነኩት ነው የሚቆመው» ብላ አስረዳቻቸው። ከዚያ በኋላ ስልኩን ለመንካት እንቢ አሉ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነበር የሚያዩት።

ፀዳል ቀለም በሚቀጥሉት ቀናት በየጠዋቱ አጫጭር ቪዲዮ ይለቅ ጀመር። «ስመኘው ወደ ቤቱ፤ ስድስት ቀን ቀረው።» የጫማ ክር ሲያስር እጁ ብቻ ይታያል። «አምስት ቀን ቀረው።» ሻንጣ ሲዘጋ። «ወደ እናቱ ቤት ምን ዓይነት ቀለም ይዞ ይሂድ? እናንተ ምረጡ!» መቶ ሺህ ሰው መረጠ። ሰብለ የሱቋ ደንበኞች ሳይቀሩ በዚህ ሲከራከሩ ትሰማለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት የድርጅቱ ካሜራ ባለሙያ መጣ። አንዱለም ይባላል፤ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ሰው ነው። ቤታቸውን ዞሮ አየና ተከዘ።

«የሣር ቤት የላችሁም?» አለ።

«ቆርቆሮ ካለበስነው ስምንት ዓመታችን ነው» አሉት ወለተ ጊዮርጊስ።

«እሺ እናቴ፤ ቆርቆሮው የማይታይበት ቦታ እንፈልጋለን።» ከዚያ ለሰብለ ሊያስረዳት የካሜራውን መስኮት አሳያት፤ ስመኘው በዚህ ይመጣል፣ እናትየዋ ከዚህ ይሮጣሉ፣ እያለ ምስሎቹን ወደ ኋላ ሲያገላብጥ አንዱ አመለጠው። ስመኘው ከማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቁርስ ይበላል። ከጀርባው የሆቴሉ ታፔላ አለ፤ ታፔላው ላይ «ፍኖተ ሰላም» ይላል።

ሰብለ እጁን ያዘችው። «ይህ መቼ ነው?»

አንዱለም ካሜራውን ሊያጠፋው ሞከረ።

«መቼ ነው ወንድሜ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ፍኖተ ሰላም ነው ያለው? እዚህ? ስንት ቀን ሆነው?»

«ከሰኞ ጀምሮ። ቪዲዮዎቹን ቀድመን መቅረጽ ስላለብን...» ድምፁ ወረደ። «እህቴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ እሱ ነገረኝ እንዳትይ። ሞቷል መባሉን አያውቅም፤ ከቪዲዮው ሥር የጻፍሽውን አላሳዩትም። እዚህ፣ ካሜራው ፊት ነው የሚነገረው። ፊቱ ላይ ያ ድንጋጤ እንዲታይ ይፈልጋሉ።»

እናቷ አምስት ዓመት በጥቁር ልብስ፤ ወንድሟ አራት ቀን ሙሉ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ ርቀት ላይ፤ እሱን የያዘው ደግሞ ወንዝ አይደለም፣ የተዘጋ መንገድ አይደለም፣ ቪዲዮ ነው። ሰብለ ነጠላዋን ከአጥሩ ላይ መንጭቃ ወጣች። እስከ ቡሬ እየሮጠች፣ ከቡሬ በሚኒባስ፣ እኩለ ቀን ላይ ፍኖተ ሰላም ገባች።

ስመኘው እዚያው ማንጎ ሥር ነበር። ቀና ብሎ አያት፤ መጀመሪያ አላወቃትም። ሲሄድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች።

«ሰብሊቱ?»

አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ይሸታል፤ የቀለም ሽታ፣ የሰው ሽታ። ሞቃት ነው። እጁን፣ ትከሻውን፣ ጆሮውን እየጨመቀች አረጋገጠች።

«ለምን ዛሬ መጣሽ?» አለ ደንግጦ። «አባየ ከእሑድ በፊት ዓይኑን አላይም ብለዋል ብለውኝ...»

«ማን ነው ያለህ?»

«ሠርክአዲስ። ተቆጥተዋል፣ ቀን ቆርጠዋል አለችኝ። ይገባኛል ብዬ ተቀበልኩ። ከባሕር አውጥተውኝ የመን አንድ ዓመት እስር ቤት ነበርሁ፤ ከተመለስሁ በኋላ ሁለት ጊዜ ሰው ልኬ መልስ አጣሁ። በሬዎቹን ይቅር አላሉኝም፣ ስሜንም መስማት አይፈልጉም ብዬ ተውሁት።»

«አያ ስመኘው» አለች። የላከው ሰው እንዳልደረሰ ገባት። ሌላ መንገድ ስላልነበረ እንደመጣላት ተናገረችው። «እኛ እኮ አልቅሰንልሃል።»

ሳቀ። «ሰው ሲጠፋ ይለቀሳል።»

«ተዝካርህ ወጥቷል። ገነነ ሲሰጥም አይቻለሁ ብሎ ደወለ። ፍታትህን ያደረሱት አባየ ናቸው።»

ስመኘው ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ እጆቹን አገላብጦ አያቸው፤ የራሱ መሆናቸውን የተጠራጠረ ይመስል። «በስሜ?» አለ በመጨረሻ። «በክርስትና ስሜ?» ሰብለ ራሷን ነቀነቀች። ወንድሟ ከወንበሩ ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ የሆቴሉ አስተናጋጅ የወደቀ መስሏት ውኃ ይዛ ሮጠች።

ሻንጣውን እንኳ አልወሰደም።

ጥቁር ውሃ ሲደርሱ ፀሐይ ገና አልዘቀዘቀችም። ቄስ ገብረሰንበት ከአውድማው ላይ አዩዋቸው። መንሹን ጣሉና ሦስት ጊዜ አማተቡ፤ ግን ወደ እሱ አልሄዱም።

«ቁም እዚያ» አሉ። «የክርስትና ስምህን ንገረኝ።»

«ወልደ ሥላሴ ነኝ አባየ።»

«ይህን ስም አምስት ዓመት ሙሉ ከሙታን ጋር ስጠራው ኖርሁ» አሉ ሽማግሌው። ስመኘው ሮጦ ጉልበታቸውን ሳመ። ስለ በሬዎቹ ሊናገር አፉን ሲከፍት አባቱ በመዳፋቸው ዘጉት።

ወለተ ጊዮርጊስ ከቤት ወጥተው ሲያዩት አልጮኹም፣ አላለቀሱም። አጠገቡ ሲደርሱ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት።

«ይንኩኝ እማየ» አላቸው።

«ትቆምብኛለህ» አሉ።

እጃቸውን ይዞ ጉንጩ ላይ አሳረፈው።

ከዚያ አስገብተው አበሉት። ሲጎርስ፣ ሲውጥ ከፊቱ ሳይነሱ ያዩት ነበር። ጥቁር ልብሳቸውን ያወለቁት በማግሥቱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት መኪና መጣ። ሠርክአዲስ ከመኪናው ወርዳ ስመኘውን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ስታየው ፊቷ ተለወጠ። ቶሎ ግን ፈገግ አለች። «ችግር የለም፤ እንደገና እንሠራዋለን። እሱ ከወንዙ ማዶ ይምጣ፤ እናቴ፣ እርስዎ ጥቁሩን መልሰው ይልበሱና...»

ቄስ ገብረሰንበት ተነሡ። «ልጄ፣ እኔ አንድ ጊዜ ሳይሞት ሸኝቼዋለሁ» አሉ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «አሁን ደግሞ ሳይመጣ አልቀበለውም። እህል ውኃ ቅመሱና በሰላም ሂዱ።»

አልቀመሱም። ስመኘው በዚያው ዕለት ከሥራ መሰናበቱ በአጭር መልእክት ደረሰው።

ከአሥር ቀን በኋላ ሰብለ ሱቅ ውስጥ ሳለች ቪዲዮው ወጣ። «ስመኘው ወደ ቤቱ።» አንድ ሰው፣ በጀርባው ብቻ የሚታይ፣ የቀለም ቀቢ ቱታ የለበሰ፣ ወደ ሣር ጎጆ ይሄዳል። አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት እየጮኹ ወጥተው አቀፉት። ዋሽንት ይነፋል። መጨረሻው ላይ ጎጆዋ በሕዝብ የተመረጠውን ሰማያዊ ተቀብታ ታየች። ሦስት ሚሊዮን ሰው አይቶታል። አስተያየቱ ሁሉ እንባ ነው።

ስመኘው በራሱ ስም ከቪዲዮው ሥር ጻፈ፦ «ስመኘው እኔ ነኝ። ይህ ሰው እኔ አይደለሁም። እናቲቱም እናቴ አይደሉም።» ሰው ሳቀበት። «ዝና ፈላጊ» አለው አንዱ። «በሰው ደስታ ምን አስቀናህ?» አለው ሌላው። ሲመሽ የፀዳል ቀለም ገጽ ዘግቶት ነበር።

ሰብለ ለእናቷ ላለማሳየት ወስና ነበር፤ ጎረቤት አሳያቸው። ወለተ ጊዮርጊስ የምታለቅሰውን ሴት ለረጅም ጊዜ አዩ።

«እሷስ የማን እናት ናት?» አሉ። «ልጇ መጣላት ወይስ አልመጣላትም?»

አሁን ስመኘው ቡሬ ውስጥ ቀለም ይቀባል። ባለፈው ቅዳሜ ሰብለ ምሳ ልታደርስለት ስትሄድ አንድ ሱቅ ፊት መሰላል ላይ ነበር። ባለሱቁ ከታች ቆሞ አንጋጦ ያየዋል።

«ያን በቪዲዮ የታየውን፣ ከእናቱ የተገናኘውን ቀለም ቀቢ አትመስልም?» አለው። «ብቻ እሱ ወፈር ይላል።»

ስመኘው ብሩሹን ባልዲው ጠርዝ ላይ ጠረገ።

«ብዙ ሰው ይለኛል» አለ።